ለወንድሜ የተሰፋው ምንጣፍ

ባለፈው ሳምንት ከሹክ፣ ከገበያው የገዛሁትን ፕላስቲክ ለበስ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ስዘረጋው፣ ከአዲስ ላስቲክ የሚወጣው ያ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ቤቱን ሞላውና መቀሴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጨርቁ ለወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ ካርሜ ጋት ሰፈር ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ሰባት ወር የሞላው ልጁ መጫወቻው ጥግ የተነጠፉለትን የስፖንጅ የዕብራይስጥ ፊደላት እየገነጠለ ማኘክ ስለጀመረ፣ ሚስቱ ደውላ «አሌፍን በልቶ ቤትን ጀምሯል፤ እባክሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ የሚደረግ፣ የማይገነጠል ምንጣፍ ስፊልን» አለችኝ። እሺ አልኩ እንጂ ሽታው ወዴት እንደሚወስደኝ አላሰብኩም።

የወሰደኝ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ፣ ቀለሙ በተላላጠ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደነበረው ቤታችን። እናቴ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት የስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራ ነበርና እንከን የወጣበትን ቁራጭ ጨርቅ አስፈቅዳ ታመጣለች። ያን ክረምት ወንድሜ መዳህ ጀምሮ ነበር፤ የሳሎናችን ወለል ደግሞ እግር የሚያደነዝዝ ብርድ ነበረው። ስለዚህ እናቴ ብርቱካን የተሳለበት ላስቲክ ጨርቅ አግኝታ ምንጣፍ ልትሰፋለት ተቀመጠች። ላስቲክ አንዴ ከተወጋ ቀዳዳው አይደፈንምና በስፒል ፋንታ በልብስ መቆንጠጫ ታያይዘዋለች፤ የስፌት መኪናው እግር እየተጣበቀ ሲያስቸግራት ጋዜጣ ደርባበት ትሰፋና ኋላ ወረቀቱን ትቀደዋለች፤ በየስፌቱ መስመር ግን የዕብራይስጥ ፊደል ቁርጥራጭ ተሰንቅሮ ይቀራል። ራሷ አንድም ፊደል የማትለየው እናቴ «ይህ ልጅ እንግዲህ ተኝቶም ይማራል» ብላ ሳቀች። የኔ ሥራ ክብደቱ ስፌቱን እንዳይጎትት ጫፉን መያዝ ነበር።

ላዩና ታቹ ሲያልቅ መሃሉን የሚያሞቅ ነገር አስፈለገና «ያንን ግራጫ ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥኑ አምጪልኝ» አለችኝ። ከሱዳን መጠለያ ይዘውት የመጡት፣ እንዳንነካው የተከለከልነው ብርድ ልብስ ነበር። ስፈታው ከእጥፋቱ ውስጥ እንደ ሁለት ዓይን የሚመሳሰሉ ሁለት ነጫጭ የሕፃን ቀሚሶች ወለሉ ላይ ወደቁ።

«እማ፣ ይኼ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ሁለተኛውስ?»

እናቴ እግሯን ከመርገጫው ላይ አላነሳችም። «የእህትሽ» አለች።

እህት አልነበረኝም። የያዝኩት የብርድ ልብስ ጫፍ ከእጄ ወደቀ። እናቴ መኪናውን አቁማ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ዓይኔን ሳታይ ነገረችኝ። «መንታ ነበራችሁ። ዕንቁ ትባላለች። አንቺን እኔ፣ እሷን አባትሽ አዝለን ሱዳን ገባን። መጠለያው ውስጥ ኩፍኝ ያዛችሁ፤ አንቺ ዳንሽ።»

ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ከአፌ የወጣው አንድ ብቻ ነበር። «የትኛው ነው የእሷ?»

«እኔም አላውቅም። ታጥቦ የደረቀውን አንስቼ ነበር የማለብሳችሁ።»

ከዚያም ብርድ ልብሱን ዘርግታ ሁለቱን ቀሚሶች ጎን ለጎን አስተኛችበት፤ በመዳፏ አለሳለሰቻቸው። «ቁም ሳጥን ውስጥ ሆነው ማንንም አላሞቁም። ይህ ልጅ ይሙቅባቸው» አለችና ላስቲኩን አልብሳ መስፋቷን ቀጠለች። አባቴ ከሥራ ሲመለስ የኔን ፊት አየ፣ የተከፈተውን ቁም ሳጥን አየ። «ነገርሻት?» አላት። «ራሷ አየችው» አለችው። ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተና ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ስሟ ተነስቶ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን ስንት ወንድምና እህት እንዳለን በጣታችን እንድናሳይ ስታዝዘን ሁለት ጣት አወጣሁ። ቤተሰባችንን ታውቅ ነበርና መጥታ በቀስታ አንዱን ጣቴን አጠፈችው፤ እኔም እንዳጠፈችው ተውኩት፤ ዕንቁን የከዳኋት መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ቀና ማለት አቃተኝ። ወንድሜ እንደሆነ ለምንጣፉ ደንታ አልነበረውም፤ ሾርባውን ከደፋበት በኋላ እየዳኸ ወደ ቀዝቃዛው ወለል ይሄዳል፤ እናቴ በአንድ እጇ ምንጣፉን እየጠረገች በሌላው እግሩን ጎትታ ትመልሰዋለች።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ፣ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ የተሰነጣጠቀ ላስቲክ አገኘሁና ከሌላው ኮተት ጋር ከረጢት ውስጥ ከትቼ ጣልኩት። እናቴ ከሥራ ገብታ አልጋው ሥር አጎነበሰች። «የልጁ ምንጣፍ የት አለ?» አለችኝ።

«ጣልኩት፤ ተቀዳዶ ነበር እኮ።»

«እሺ» አለችና ቀና አለች።

ሁለቱ ቀሚሶች በውስጡ እንደነበሩ የነቃሁት እዚያ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ሊጠፋኝ እንደቻለ ዛሬም አይገባኝም። በባዶ እግሬ ሦስቱን ፎቅ ሮጬ ወረድኩ፤ የቆሻሻው ገንዳ ባዶ ነበር፤ የቆሻሻ መኪናው አንስቶት ሄዷል። ገንዳውን ይዤ ስቆም እናቴ ከሰገነት ላይ «ነይ ግቢ፤ መሬቱ ላይ ብርጭቆ አለ፣ እግርሽን ይቆርጥሻል» አለች እንጂ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ካረፈ ቆየ፤ እናቴም ባለፈው ዓመት ተከተለችው። እኔንና ዕንቁን አንድ ላይ ያየ ሰው፣ እኔ እስከማውቀው፣ ዛሬ በሕይወት የለም። ስንት ሰው አጥቻለሁ ብዬ ስቆጥር ሁልጊዜ የምሳሳተው እሷ ላይ ነው፤ መልኳን እንኳ አላስታውስም፤ የኔን ይመስል እንደነበር ብቻ ነው የማውቀው።