ከዘፈኑ በኋላ ያለው ድምፅ

ዘጠነኛ ክፍል እንደገባሁ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በእረፍት ሰዓት፣ አሥር አሥር ደቂቃ ሰጠኝ። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ከተማው ውስጥ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፤ እኛም ተማሪዎቹ ክበብ በክበብ ላይ እናቋቁም ነበር። የእኔ ፕሮግራም ስለ አዳዲስ የራፕ ዘፈኖችና ስለ ጌም ነው። ስለ ሁለቱም የማውቀው ጥቂት ነበር። አስተያየት ግን አያልቅብኝም።

«ይኼኛው ልጅ እግሩን የረገጡት ይመስል ይጮሃል፤ ከበሮው ግን ደረት ውስጥ ይገባል» እላለሁ። «ያኛው ሳይተነፍስ ነው የሚያወራው፤ ለሳንባው ፈራሁለት።» ተማሪው ማንጎው ሥር ተቀምጦ ይስቃል። ሲስቁ ስሰማ ደግሞ ይብስብኛል።

ጌም የምጫወተው ከገበያው ጀርባ ካለ ጸጉር ቤት ነበር። ባለቤቱ ዲማ ወረዳ ወርቅ ሲቆፍር ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነው። አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የጌም ማሽን ከየት እንዳመጣ አላውቅም። ሙቀቱ ሲበረታ ማሽኑ ይግልና ሥዕሉ ደርቆ ይቀራል። ያን ጊዜ ሰውዬው መቀሱን አስቀምጦ በካርቶን እያራገበ «ወባ ያዘው፣ ትንሽ ይረፍ» ይለናል። ስለ መኪና እሽቅድምድሙ በማይክሮፎን የተናገርኩት ትዝ ይለኛል፤ «መኪናዎቹ ቆንጆ ናቸው፤ መንገዱ ላይ ግን አንድም ሰው የለም። ሰው በሌለበት ከተማ ምን ያስቸኩላቸዋል?»

ዘፈኖቹ ግን የእኔ አልነበሩም። ዴስክ የምትጋራኝ የአንዲት ልጅ ነበሩ። ኑዌር ናት፤ ከአክስቷ ጋር ከኢታንግ መጥታ ከተማ ትኖራለች። ከሱዳን ጦርነት ሲሸሹ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ተለያይተው ነበር። እሱ ከዓመታት በኋላ በኬንያ በኩል አሜሪካ ገባና በሰው እጅ አንድ ዎክማንና አንድ ካሴት ላከላት። በካሴቱ በሁለቱም ፊት የራፕ ዘፈን ተቀድቷል። ልጅነቷን የስደተኞች ትምህርት ቤት ስለተማረች እንግሊዝኛዋ ከሁላችንም ይበልጣል። አማርኛዋ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ ብዙ ታወራለህ» ትለኛለች።

«አንቺ በይኝ እንጂ፣ ሴት ነኝ እኮ።»

«እሺ። አንቺ ብዙ ታወራለህ።»

አንዱን ማዳመጫ እሷ ጆሮ፣ ሌላውን እኔ ጆሮ አድርገን እንሰማለን። አንድ ቀን «ምንድን ነው የሚለው?» ብዬ ጠየቅኳት። ካሴቱን አቆመችው። ትንሽ አሰበች።

«እናቴ ድስት እሳት ላይ ጥዳ ነበር ይላል። እኛ ሮጥን። ድስቱን ማን አወጣው ይላል።»

እጄ ላይ የነበረውን ደብተር ገልጬ ጻፍኩት። ሐሙስ ዕለት ዘፈኑን አስከትዬ አነበብኩት። ማንጎው ሥር የሚስቅ ሰው አልነበረም። ደወል ተደውሎ እንኳ ሰው አልተነሣም። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መጥቶ «የቀረውንስ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትተረጉምልኛለች፣ እጽፋለሁ፣ አነባለሁ። በአንዱ ዘፈን ወንዝ ሲሻገር የታናሽ እህቱ እጅ ያመለጠው ልጅ ነበር። በሌላው ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ፊት ለፊት እየሄደ የሴት ልጅ ፊት የሚመረምር ልጅ ነበር። ተማሪው እንግሊዝኛውን ሳይገባው ከዘፈኑ ጋር ይዘፍን ጀመር።

ጥርጣሬ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። መኪና የሚለውን እንግሊዝኛ አውቀዋለሁ፤ ገንዘብ የሚለውንም አውቀዋለሁ። ዘፋኙ ሁለቱን እየደጋገመ ይጠራል፣ እሷ ግን አንድ ቀንም አንስታቸው አታውቅም። ደግሞም በአንደኛው ፊት ዘፈኑ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው በኑዌርኛ ቀስ ብሎ መናገር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጣቷ ፈጥኖ ካሴቱን ያቆመዋል። አልጠየቅኳትም። ግቢው ውስጥ ሳልፍ ሰው ያውቀኝ ጀምሮ ነበር።

በሁለተኛው ሴሚስተር አዲስ የእንግሊዝኛ መምህር መጣ። ወጣት ነው፤ ዘፈኖቹንም ያውቃቸዋል። አንድ ማክሰኞ ከእረፍት በኋላ ክፍላችን ገባና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ የዘፈኑን የመጀመሪያ መስመሮች ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ከሥራቸው በአማርኛ ፍቺውን አስቀመጠ። ስለ አዲስ መኪና፣ ስለ አንገት ሐብልና ስለ ሴት ወገብ ነበር።

«ድስት የሚል የት አለ?» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር። ቀልድ መስሎት ነው። «ይህን ድንቅ ትርጉም የሠራው ማን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሁሉም እኔን ያየኛል። ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የተጨበጨበልኝም እኔ ነኝ። «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር።

«እሷ ናት» አልኩ።

ተነሣች። ቁመቷ ረጅም ስለሆነ ከሁሉም በላይ ሆና ታየች። መምህሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቃት። ሳቁ ሲበረታ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጣቶቿን ትመለከት ነበር። እኔም ጣቶቿን አየሁ። ሌላ የማየው ቦታ አልነበረኝም።

ነገሩ ዳይሬክተሩ ጆሮ ደረሰ። «በትምህርት ቤት ማይክሮፎን የብልግና ዘፈን!» ብለው ሁለታችንን ከነካሴቱ አስጠሩና ካሴቱን ቢሯቸው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ፕሮግራሜ ተዘጋ።

ከቢሮው ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ በፊት ነክታኝ አታውቅም።

«ዘፈኑን ይውሰዱ» አለች። «ከዘፈኑ በኋላ ወንድሜ አለ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወንድሟ በአንደኛው ፊት መጨረሻ ላይ በራሱ ድምፅ መልእክት ቀድቶላት ነበር። ስለ ድስቱ፣ ስለ ወንዙ፣ እሷን ሲፈልግ ስለከረመበት ጊዜ የተናገረው እሱ ነው። የሚለውን በራሷ አፍ ለማንም መንገር ስላቃታት ዘፋኙ እንዳለው አድርጋ ለእኔ ትነግረኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ ዳይሬክተሩ ሄድን፤ ስብሰባ ናቸው ተባልን። በሦስተኛው ቀንም ስብሰባ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ዳይሬክተሩ አዲስ ለተቋቋመ ቢሮ ኃላፊ ሆነው መሾማቸውን ሰማን። ወደ አዲሱ ቢሮ ሄድን። ጸሐፊዋ በትዕግሥት ሰማችንና «ማመልከቻ ጻፉ» አለች። ጽፈን መጣን።

«ጉዳዩ ምንድን ነው የሚለው? ስለ ካሴት?» አለች ወረቀቱን እያየች። «እኛ እኮ ካሴት አይመለከተንም።»

«ካሴቱን የቆለፉት እሳቸው ናቸው።»

«ሲቆልፉ ዳይሬክተር ነበሩ። አሁን እዚህ ናቸው። ለማንኛውም ስብሰባ ገብተዋል።»

ስንጠብቅ ጸሐዩ ሲበረታብን ወደ ጸጉር ቤቱ እንሄድ ነበር። እሷ ጌም ተጫውታ አታውቅም። ጸጉር ቆራጩ «ይቺ ልጅ ዝም ብላ ከምትቀመጥ አንዴ ትሞክር» ብሎ መጫወቻውን ሰጣት። መኪናዋን አዙራ ሌሎቹ በሚመጡበት አቅጣጫ መንዳት ጀመረች። ማሽኑ በቀይ ፊደል አቅጣጫ ተሳስተሻል እያለ ይጽፋል፤ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ይገጯታል።

«ወደዚያ ነው!» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የተነሣሁበትን ማየት ፈልጌ ነው።»

ማይክሮፎን ቢኖረኝ የምናገረው ብዙ ነበር። እሷን ግን ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ካሴቱ ሲገኝ እጠይቃታለሁ ብዬ አቆየሁት።

በመሀል የወላጆች ቀን ደረሰ። ድምፄ ጎልቶ ይሰማል ተብሎ መድረክ እንድመራ ታዘዝኩ። እንዳልቀየሙኝ የሚያሳይ ስለመሰለኝ ደስ አለኝ። ንግግሩ ሁሉ በቴፕ ይቀዳ ነበር። አዲሱ ተጠባባቂ ዳይሬክተር ተናገሩ፣ የወላጅ ኮሚቴው ተናገረ፣ እንግዳ ሆነው የመጡት የቀድሞው ዳይሬክተርም ረጅም ንግግር አደረጉ። ከመድረክ ሲወርዱ ጠብቄ ስለ ካሴቱ ነገርኳቸው።

«እስከዛሬ ለዚህ ነው የምትመላለሱት?» አሉ፤ እውነት አዘኑልን። «እኔ እኮ ስወጣ መሳቢያውን ባዶ አድርጌ ለንብረት ክፍል አስረክቤያለሁ። በርክክቡ ላይ ተጽፏል። ነገ ሂዱና ውሰዱ፣ እኔ ፈቅጃለሁ በሉ።»

ሮጬ ነገርኳት። ጥርሷን ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ንብረት ክፍል ስንደርስ ሠራተኛው አንድም ነገር አላስቸገረንም። መደርደሪያው ላይ ፈልጎ ካሴቱን አወጣና ሰጠን። የእሷ ካሴት ነው፤ ጥጉ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር አለ። በአንደኛው ፊት ላይ ግን ነጭ ወረቀት ተለጥፎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «የወላጆች ቀን» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ባዶ ካሴት አልነበረንም» አለ ሰውዬው። «ይኼ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ነው የተረከብኩት። ችግር አለው?»

ውጪ ወጥተን ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ካሴቱን ዎክማኑ ውስጥ ከታ አንዱን ማዳመጫ ሰጠችኝ፤ መውሰድ አልፈለግኩም፣ ግን ወሰድኩ። ስታጫውተው መጀመሪያ የሰማነው የእኔን ድምፅ ነው። «ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» እላለሁ። ደስተኛ ነኝ፤ ከድምፄ ያስታውቃል።

ንግግሩን በሙሉ ሰማችው። አንዳንዱን እንኳ እያሳለፈች አልሄደችም፤ ምናልባት መጨረሻው ላይ ተርፎ እንደሆነ ብላ ነው መሰለኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ ካሴቱም አለቀ። ገለበጠችው። በሌላው ፊት ዘፈኖቹ ሁሉ አሉ፣ አንድም አልጎደለም።

«እኔ አላወቅሁም» አልኳት። «ቴፑ ውስጥ ያለው የቱ ካሴት እንደሆነ አላወቅሁም። ያን ቀን ክፍል ውስጥም…»

«አንተ ምንም አላወቅህም» አለች። ለስድብ ይሁን ለማጽናናት ዛሬም አልለየሁትም።

ቅዳሜና እሁድ ወላጆቼ የሚኖሩበት ሰፈራ መንደር ሄጄ፣ አባቴ በቆሎ ሲኮተኩት ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ደብተሬ ላይ የነበረውን ሁሉ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። የወንድሟ ቃል የቀረው እዚያ ብቻ ነበር። ሰኞ ስሰጣት ሁለቱን ገጽ አነበበችና አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«እሱ አማርኛ አይችልም» አለች።

ለወንድሟ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍን፤ እሷ ተናገረች፣ ፖስታውን እኔ ይዤ ሄድኩ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ መልስ አልመጣም። በክረምቱ አክስቷ ወደ ኢታንግ ስትመለስ አብራ ሄደች። መሄዷን የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው። መስከረም ላይ ሚኒ ሚዲያው ተመለሺ አለኝ፤ እንቢ አልኩ። ጌሙም ጸጉር ቤቱ ውስጥ ብዙ አልቆየም፤ ባለቤቱ ሸጦት ወደ ዲማ ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አስተማሪ ሆኜ ለምዝገባ ሥራ ኢታንግ ተልኬ ነበር፤ ገበያው ውስጥ የደረቀ ዓሣ ስትመርጥ አገኘኋት። ተቃቀፍን። ልጇን አሳየችኝ። ብዙ ነገር አወራን፤ የማወራው በአብዛኛው እኔ ነበርኩ። የመጣሁበት መኪና ሊሄድ ሲል ነው ስለ ወንድሟ ለመጠየቅ የደፈርኩት።

«ደውሏል» አለች። «ሁለት ጊዜ። ደህና ነው፣ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራል። ግን ድምፁ ሌላ ነው፤ የማላውቀው ሰው መሰለኝ። ካሴቱ ላይ እንዴት ነበር ድምፁ? ቀጭን ነበር አይደል?»

ወንድሟ መናገር እንደጀመረ ሁልጊዜ ካሴቱን ታቆመው ስለነበር፣ እኔ የሰማሁት ሁለት ወይም ሦስት ቃል ነው። ቀጭን ይሁን ወፍራም አላስታውስም። አላስታውስም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ዓሣውን በጋዜጣ ጠቀለለች፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ደግሞ ሲነፋ ተሰናብቻት መኪናው ላይ ወጣሁ።