እንሰቱ ያለበት ዓመት

ባዩ የአራት ዓመት የባዮሎጂ ትምህርቱን ዕቅድ ያወጣው በ1958 ክረምት፣ ቡታጅራ፣ በመምህር ያረጋል ቤት ነበር። መምህሩ ከጎንደር መጥተው ሳይንስ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲውን የኮርስ ዝርዝር ከአዲስ አበባ አስመጥተውለት፣ ሰፊ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ስምንት ዓምድ አሰመሩለት፤ ለየመንፈቁ አንድ።

ሥራው ደስ ይል ነበር። ኮርስ እንደ ድንጋይ ካብ ነው፤ የላይኛው ያለ ታችኛው አይቆምም። ስለ ባክቴሪያ ለመማር ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይቀድማል፤ ከእርሱ በፊት ጠቅላላ ኬሚስትሪ፤ ማይክሮስኮፕ የሚያስለምደውም ትምህርት አለ። ባዩ እንዲህ ሲደረድር ለባክቴሪያው የተረፈው አራተኛው ዓመት ብቻ ሆነ። ከሁሉ የሚሻው ደግሞ እርሱን ነበር። በቡታጅራ ዙሪያ ባሉት የመስቃን መንደሮች እንሰት መድረቅ ጀምሯል። መጀመሪያ መሐለኛው ቅጠል ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ቀጥሎ ተክሉ እስከ ሥሩ ይበሰብሳል። እንሰት ደርሶ ቆጮ እስኪሆን ስንት ዓመት ይፈጃል፤ ጓሮ ደረቀ ማለት የዚያ ሁሉ ዓመት ምግብ ጠፋ ማለት ነው።

እናቱ ውድነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«እንሰቱ የትኛው ዓመት ላይ ነው ያለው?»

«አራተኛው ላይ፣ እማ።»

«እስከዚያ ታዲያ ይጠብቅሃል ብለህ ነው?» ብላ ሳቀች።

ሁለተኛውን ዓመት ጨርሶ ለክረምት ሲመጣ በእናቱ ጓሮ ሁለት እንሰት ገርጥተው አገኘ። ስለ ዕፅዋት ተምሯልና የታመመ ቅጠል ቢነሣለት ተክሉ የሚያገግም መሰለው። የአባቱን ማጭድ ስሎ ከታመሙት ጀመረ። ከዚያ የተጠራጠረውን ሁሉ፣ ቀጥሎም ጤነኞቹን ሳይቀር፣ ከአርባ እግር በላይ እንሰት ሲመለምል ዋለ። እናቱ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ጎረቤቷ ወይዘሮ መሰለች በአጥር አሻግራ፣ የተማረ ልጅ እንዲህ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ አይታ እንደማታውቅ ነገረቻት።

ዓመት ሳይሞላ ጓሮው ይረግፍ ጀመር። በአራተኛው ዓመት መግቢያ የቀረው ሦስት እግር ነበር።

ጥቅምት ላይ የባክቴሪያው ትምህርት አስተማሪ ከታመመ ተክል የወጣ ቢጫ ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ አሳዩአቸው። አንዲቷ ጠብታ ስፍር ቁጥር በሌለው ባክቴሪያ ተሞልታለች። ስለት ሲነካት ይዟት ይሄዳል፤ ቀጣዩን ጤነኛ ተክል ሲቆርጥ እዚያው ይተዋታል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ስለቱን በእሳት መለብለብ። ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች ከኋላው ቢያጉረመርሙም ባዩ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ማንሣት አቃተው።

ለገና ቡታጅራ ወረደ። እናቱ ከገበያ የተገዛ ቆጮ አቀረበችለት። እርሱም ጠብታዋን፣ ማጭዱን፣ ከየትኛው ተክል ወደ የትኛው እንደሄደ፣ አንድም ሳያስቀር በተራ አስረዳት።

«የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ እማ» አላት በመጨረሻ።

ውድነሽም አማቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የታመመ እንሰት የነካ ማጭድ እሳት ሳያይ ወደ ጤነኛው እንዳይሄድ ትቆጣት እንደነበር ነገረችው።

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ዝም አልሽኝ?»

«የተማርከው አንተ» አለችው። «እኔ ምን አውቄ ላርምህ?»

ባዩ የቆረሰውን ቆጮ መልሶ አስቀመጠ። ሲቆይ፣ የቀሩትን ሦስቱን አሁን እንዴት ብታደርግ እንደሚሻል ሊነግራት ጀመረ።

«ተዋቸው ልጄ» አለችው። «እነሱም ገረጡ፤ ኅዳር ላይ ነቅዬ ቀበርኳቸው።»