እርማት ከነፊርማው

መካነ ሰላም መናኸሪያ ጋዜጣ ስቀበል ፖሊሶች ያዙኝ። ጋዜጣችን ከደሴ በሚኒባስ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ዜናዬ የወጣበትን እትም ጥቅል እንኳ ሳልፈታ ከነጥቅሉ ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱኝ።

ያሰሩኝ ክፍል እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡትን ሽማግሌ ወዲያው አወቅኳቸው። ስለ ማዳበሪያው መዘግየት በዜናዬ የተናገሩት ገበሬ ናቸው።

«በእኔ የተነሳ ነው አባባ?»

«አብሽር ልጄ። እኔ ዝናቡ ሳያልፍ ይድረስልን ነው ያልኩት። ተነሱ አላልኩም፤ ወላሂ አላልኩም።»

እኔም አልጻፍኩም። ዜና እየለቃቀመ የሚለጥፍ አንድ የቴሌግራም ገጽ ጽሑፌን ከነግሳንግሱ ወስዶ፣ የእኔንና የጋዜጣውን ስም ቆርጦ፣ «ገበሬው ተነሳ!» የሚል ርዕስ ጭኖበታል። የሽማግሌውን ስም ግን አልቆረጠውም።

«ደግሞ የማዳበሪያው መጋዘን ከተዘጋ ሦስት ሳምንቱ ነው ብዬህ ሁለት ብለህ ጻፍክ» አሉኝ። «ከጅዳ የተመለሰችው ልጄ ከስልኳ ስታነብልኝ ሰማሁ። ሌባው ስህተትህንም ተሸክሞ ሄደ!»

አፈርኩ። ደግሞም ሳቅኩ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው የገጹን ጽሑፍ አትሞ ፊቴ አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ስምህ የለበትም። የእኔ አይደለም በልና ፈርመህ ወደ ቤትህ ሂድ።»

«ሽማግሌውስ?»

«የእሳቸው ስም አለበት።»

ልጆቼ ትዝ አሉኝ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ግን የእኔ አይደለም ካልኩ የሽማግሌው ቃል ባለቤት የሌለው ወሬ ሆኖ እሳቸው ላይ ሊቀር ነው።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ» አልኩ። «ገበሬው ተነሳ!» የሚለውን ሰርዤ በላዩ «ማዳበሪያው ዘግይቷል» ብዬ የራሴን ርዕስ መለስኩ። ከሥሩ ሙሉ ስሜንና የጋዜጣውን ስም ጻፍኩ። ካላመኑ ጥቅሉን ፈትተው እንዲያስተያዩም ነገርኩት። ልመልስለት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ወረቀቱን መልሼ ሳብኩ። «ሁለት» የሚለውን ሰርዤ «ሦስት» አልኩ፤ አጠገቡም ፈረምኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እርማት።»

ጥቅሉ ተፈትቶ ሲታይ እንዳልኩት ሆነ። ሽማግሌው በማግስቱ ተለቀቁ። እኔን ዜናው ራሱ ያስቀየማቸው ሰዎች ስለነበሩ አሥራ ዘጠኝ ቀን አቆዩኝ።

ጋዜጣችን ዛሬም ዘግይቶ ይደርሳል። ገጹ ስህተቴን እስካሁን አላረመም፤ መጋዘኑ እዚያ ላይ ሁለት ሳምንቱ ነው። እኔ ያረምኩት ወረቀት ግን ከነፊርማው መዝገብ ውስጥ አለ። ብዙ ዜና ጽፌያለሁ፤ እንደዚያች አንዲት ቃል የምኮራበት የለኝም።