እታለም ደጊቱ ያሳጠረችው ገመድ

የንስሐ አባቴ በየዓመቱ «ሌላስ?» ይሉኛል። እኔም በየዓመቱ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ። ከሱዳን ከተመለስኩ ወዲህ ይዤው የምዞረው አንድ ነገር አለ። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ አብሮኝ ሰሊጥ ላጨደው ለከፍያለውም አልነገርኩም። እናንተ እኔንም የበደልኳትንም ሴት አታውቁም፤ ለዚህ ይሆን የደፈርኩት? እንጃ። ሰርቄያለሁ። ከማን እንደሰረቅሁ ነው ጉዱ።

እዚያ ሱዳን፣ ከዶካ ከተማ ወዲያ፣ ወደ ባሱንዳ በኩል በነበረው የሰሊጥ ማሳ ዳር አንዲት የሣር ዳስ ነበረች። እዚያ አገር ራኩባ ይሏታል። የደጊቱ ሱቅ ናት። ደጊቱ የመተማ ሰው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ግን ሠላሳ አጫጅ ጸጥ የሚያሰኝ። ታላቃችን ስለሆነች ሁላችንም «እታለም» ነበር የምንላት። ፊደል አልቆጠረችም። የሠላሳ ወንድ ዱቄትና ዘይት በዱቤ ስትሰጥ ግን አንድም ቀን ስትሳሳት አላየኋትም። ለየሰዉ አንዳንድ ገመድ ነበራት፣ ከራኩባው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ። የሳምንት ቀለብ የወሰደ ሰው ገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጠርበታል። ገመዱ ቦታ ካጣ ዱቤው አለቀ ማለት ነው። አጨዳው አብቅቶ ስንከፍላት ቋጠሮውን ራሷ እየፈታች ገመዱን እሳት ውስጥ ትጥለዋለች። በየገመዱ ጫፍ ምልክት አለ፤ የኔ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳብሳ «ይህ የጌታሁን ነው፣ ይህ የከፍያለው» ስትል እንደ ሕፃን ደስ ይለኝ ነበር።

ወባ የጣለው ሰው ሲኖር ሳትቋጥር ነው የምታበላው። እኔንም ሳምንት ሙሉ አጥሚት አጠጥታኛለች። ተነሥቼ «ቋጥሪበት እንጂ እታለም» ብላት «የበሽታ ዱቤ የለኝም» አለችኝ። ያን ዓመት ደግሞ ልቧ ሁሉ አገር ቤት ነበር። አጨዳው እንዳለቀ የእናቷን ሙት ዓመት ልታወጣ መተማ ልትገባ ነው። እናቷ ስትሞት መቅበር አልሆነላትም፤ ተዝካሯ ላይ ግን ቆማ ማልቀስ አለባት። ይህን የማያውቅ አጫጅ አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ራቅ ካለ ማሳ ሦስት ቀን ቆይቼ ስመለስ ገመዴ ተቆርጧል። አምስት ቋጠሮ ነበረበት፤ ገና ለአራት የሚበቃ ጅራት ነበረው። አሁን የቀረው ለአንድ ብቻ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በኛ ሰፈር «ገመዱ አጠረ» የተባለ ሰው «ሊጠፋ ነው» የተባለ ሰው ነው፤ ዱቤውን በልቶ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚሾልክ። ማንም ክብሪት እንኳ አያውሰውም። ደሜ ፈላ።

«እታለም፣ ዘይት» አልኳት።

«ዘይት ማፊ፣ የለም ጌታሁን። ላንተም የአንድ ሳምንት ነው የቀረህ፣ ኸላስ፣ በቃ። ና እስቲ ቁጭ በል፣ ላስረዳህ።»

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ ምን እሆን ነበር? ሰሊጡ ይሸሸኝ ነበር? ኩራቴን ተሸክሜ ወጣሁ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች፤ ሰዉ ሁሉ ማሳ ነው። እኔ ማጭድ ልስል ብዬ ተመለስኩ። ራኩባዋ በር የላትም፤ ደጊቱ ለኛ በር አልሠራችም። ገመዴን አወረድኩ። ለዓመታት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት «ተናድጄ ነበር፣ ሌባ ያለችኝ መስሎኝ ነበር» የሚል ነው። ለእናንተ ግን እውነቱን ልናገር። ገመዴን ሳወርድ የሌሎቹን አየሁ። ሁሉም ተቆርጠዋል። የከፍያለውም፣ አብሮን የሚያጭደው የገዛ ወንድሟም ገመድ። የተቆረጡበት ጫፍ ገና ነጭ ነበር። እኔን ነጥሎ የጠረጠረኝ እንደሌለ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። አየሁ፤ ገባኝም፤ ገብቶኝም ፈታሁ።

ለምን? እጄ ስለጀመረ ነው? ማንም ስላላየ ነው? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ምክንያት አይወጣውም። ሦስት ቋጠሮ ፈታሁ። በጥድፊያ አራተኛውንም ፈትቼው ስለነበር መልሼ ቋጠርኩት። ገመዱን በምራቄ አርሼ፣ ጭኔ ላይ ወልውዬ ቀጥ አደረግሁትና ሰቀልኩት።

ምሳ ላይ ከፍያለው ነገሩን አጫወተኝ። ካርቱም ከተበጠበጠች ወዲህ ዕቃ ጠፍቶ በዱቤ የሚያስረክባት የዶካ ነጋዴ ደጊቱን «ከእንግዲህ የምሰጥሽ ዱቤ ግማሽ ነው» ብሏታል። ድንገት ነው፤ ዕቃ በሚያመላልሰው የሎሪ ሹፌር በኩል የላከባት። እሷም ቅዳሜ ጠዋት ሰዉን ሰብስባ «የኔ ገመድ አጥሯል፣ የናንተንም እኩል አሳጥራለሁ፤ ማንንም አልጠረጠርኩም» አለች። እኔ የሌለሁበት ቅዳሜ ነው።

«ጉትቻዋንም ሸጣለች አሉ፣ የጎደለውን ልትሞላ» አለ ከፍያለው። «እንዲህ ያለች ሴት ወላሂ አላየሁም!»

እኔም «እውነት ነው» አልኩ። ጉርሻዬንም ጎረስኩ።

ያን ጊዜ ሄጄ መንገር እችል ነበር። አልሄድኩም። ከዚያም በኋላ ስንት ጠዋት በፊቷ አልፌያለሁ!

ከዚያ ወዲህ ዱቤ ሳልወስድ አጨዳው አለቀ፤ የክፍያው ቀን ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ ገመዴን በጣቷ ዳበሰች። አውራ ጣቷ አንዷ ቋጠሮ ላይ ቆመ፤ አለፈ፤ ተመልሶ መጣ። እኔ አጫጅ ነኝ፤ መልሼ የቋጠርኩት ነዶ እንደማስር ወደ ቀኝ አዙሬ ነበር። እሷ ግራኝ ናት። ቋጠሮዋ ሁሉ ወደ ግራ የዞረ ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም፤ ጣቷ ግን አወቀ። በዙሪያዬ ሠላሳ ሰው አለ። «ሌባ!» ብትል ያን ቀን ከዚያ ሰፈር በእግሬ አልወጣም ነበር።

«ሁለት ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ገንዘቡን ተቀበለች። የሌላውን ሰው ገመድ ፈትታ እሳት ውስጥ ስትጥል የኔን ግን እጄ ላይ አስቀምጣ መዳፌን በመዳፏ ዘጋችው።

«ይህችን አንተው ፍታት» አለች ቀስ ብላ።

ከዶካው ነጋዴ ጋር ተሳስባ ሁሉን ከፈለች። መሳፈሪያ ጎደላት። መተማ ሳትገባ ቀረች። የጎደላት እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እኔም አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር።

የእናቷ ቀን ሲደርስ እዚያው ራኩባዋ ውስጥ ንፍሮ ቀቅላ ጠራችን። ቄስ የለም። ዞር ዞር ብላ አየችና «ጌታሁን፣ አንተ ዳዊት ደግመሃል አይደል? ለእናቴ ጸልይላት» አለችኝ። ጸለይኩ። ሰዉ አሜን አለ። ከንፍሮው የመጀመሪያውን እፍኝ ለኔ ዘገነችልኝ። ዓይኗን አየሁት፤ ሽሙጥ ፈለግሁበት። ብታሽሟጥጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ! የለም። ከልቧ ነበር። እናቷ ጸሎት ያስፈልጋታል፤ ዳዊት የሚያውቀው እኔ ነኝ፤ በቃ። እኔ የበደለኝን ሰው እንዲህ ይቅር ማለት እችላለሁ? አልችልም። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ስንቱን አውቃለሁ፤ እንደሷ ያለ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። እኔ ደግሞ ንፍሮውን በላሁት።

በኋላ እዚያው ሱዳን፣ ሀዋታ ወደምትባል ከተማ ሄዳለች የሚል ወሬ ሰማሁ። ሰው ልኬ ነበር፤ አላገኟትም። ይህን ስነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። አጠገቤ ሳለች ያልሰጠሁትን ስትርቅ መላክ ምን ዋጋ አለው?

ገመዱ ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ ከነቁልፉ። ሁለት ቋጠሮ አለበት፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የኔ። ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ለንስሐ አባቴ አወጣዋለሁ። እሳቸው ፊት ተንበርክኮ «ይፍቱኝ» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን ይፍቱኝ አልልም። ሦስቱን ራሴ ፈትቻለሁ፤ እነዚህ ሁለቱ እንደታሰሩ ይቆዩ።