የሳኦዳት ቀዝቃዛ ክፍል

ሳኦዳት ሌኒንግራድ ሄዳ ስለ ኮምፒውተር ስትማር አስተማሪዎቿ ብዙ ነገር አስጠንቅቀዋት ነበር። አቧራ ጠላት ነው፣ ሙቀት ጠላት ነው፣ የመብራት መዋዠቅ ጠላት ነው ብለዋታል። ስለ ሐብሐብ የነገራት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ታሽከንት ተመልሳ የጥጥ ምርት ሂሳብ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ኮምፒውተሩ የምድር ቤቱን አዳራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶታል። ከሰው ቁመት የሚበልጡ የብረት ቁም ሣጥኖች ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማሉ። ገመዱ ሁሉ የሚያልፈው ከፍ ተደርጎ ከተሠራው ወለል ሥር ሲሆን፣ ወለሉም እንደ ክዳን የሚነሳ ሰሌዳ ነበር። ያ ሁሉ ብረት ሲሠራ ስለሚግል ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ተተክሎለታል። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። ሐምሌ ገብቶ ከተማዋ ስትነድ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ክፍል ያለው አንድ ማሽኑ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ራሱ ኃላፊው ኤርጋሽ ነው፤ በሁለት ብብቱ ሐብሐብ ታቅፎ።

«ሳኦዳት፣ እነዚህን እስኪመሽ አንድ ጥግ አስቀምጪልኝ። እንግዳ አለብኝ።»

«ኤርጋሽ አካ፣ ይሄ እኮ የማሽን ክፍል ነው» አለችው፤ አካ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው።

«ታዲያ ማሽኑ ይበላዋል እንዴ?»

በሳምንቱ ሂሳብ ክፍሎች እርጎአቸውን አመጡ። ሾፌሩ ሥጋውን አመጣ። ከዚያ አንዱ ብልጥ፣ ብርዱ የሚጠነክረው ከወለሉ ሥር መሆኑን ደረሰበትና ሁሉም ሰሌዳ እያነሳ ሐብሐቡን ገመድ ላይ ያስተኛ ጀመር። ሳኦዳት «ምግብ ማስገባት ክልክል ነው» ብላ በትልቁ ጽፋ ሚስማር መትታ ሰቀለች። በማግስቱ ሚስማሩ ላይ የሰው ኮት ተንጠልጥሎበት አገኘች። በሩን ቆለፈችው። ኤርጋሽ ሌላ ቁልፍ ነበረውና ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ።

የኤርጋሽ እናት የመጡት በዚህ መሀል ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ሆሲያት ኾላ» ይላቸዋል፤ አክስታችን እንደማለት። ቤታቸው ከአጥሩ ጀርባ ነው፤ ደም ብዛት ስላለባቸው ሐኪም ከፀሐይ ይሽሹ ብሏቸዋል። ትራሳቸውን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያቸውንና የሚጠልፉትን ቆብ ይዘው መጥተው በሁለት ቁም ሣጥኖች መሀል ተደላድለው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ አልቀሩም።

«ኾላ፣ የክሩ ብናኝ ማሽኑ ውስጥ ይገባል» አለቻቸው ሳኦዳት፣ የቻለችውን ያህል ድምጿን አለስልሳ።

«ይግባ ልጄ፣ ሐር እኮ ነው።» መርፌያቸውን ሳያቆሙ ወደ ማሽኑ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ለመሆኑ ይሄ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ምን ልሁን ብሎ ነው?»

«የዘንድሮን ጥጥ እየቆጠረ ነው።»

«ጥጡ እኮ ገና ማሳ ላይ ነው። ምኑን ነው የሚቆጥረው?»

 ሌኒንግራድ ውስጥ ሳኦዳትን ይሄንን ጥያቄ የጠየቃት አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ማሽኑ መቀባጠር ጀመረ። አንዲት ትንሽ ወረዳ ከመላው ሪፐብሊክ የሚበልጥ ጥጥ ታመርታለች ብሎ አተመ። ደግማ ስታሠራው ያችው ወረዳ ከዜሮ በታች ወረደች። ኤርጋሽ ወረቀቱን ገልብጦ አየው።

«የመጀመሪያውን ብንልከውስ?»

«ከሪፐብሊኩ ሁሉ ይበልጣል እኮ፣ አካ።»

«ትንሽ ቀንሺለታ።»

ሳኦዳት ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ለማሽኑ የሚገባውን ቁጥር ካርድ ላይ እየበሳች ከምታዘጋጀው ከራኖ ጋር ሆና የማሽኑን ሆድ ዕቃ እያወጣች በአልኮል ጠረገች፣ መለሰች፣ ደግማ አወጣች። ጠዋት ይሠራል፤ እፎይ ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ይበላሻል። ቤቷ ስትገባ ባሏን ቦቲርን እንደምን አመሸህ በማለት ፈንታ ጫማህን እዚህ ማን ወርውር አለህ ትለው ጀመር። ቦቲር ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ጫማውን አንስቶ ዝም ይላል። ዝምታውም አናደዳት።

አንድ ቀን ራኖ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ኦፓ፣ የወይን ጠጅ አይሸትሽም?» አለቻት፤ እህትዓለም እንደማለት።

«አልኮሉን ነዋ።»

«አልኮሉ አይደለም። እሺ፣ እነዚህስ ጉንዳኖች የት እየሄዱ ነው?»

ጉንዳኖቹ ከበሩ ሥር ገብተው፣ ግድግዳውን ተከትለው፣ ከጥጉ ሰሌዳ ሥር ይጠፋሉ። ሁለቱ ሴቶች ሰሌዳውን አነሱት። አንድ ትልቅ ሐብሐብ ተንከባልሎ የኃይል ሳጥኑ ሙቅ አየር የሚተፋበት ቦታ ሄዶ ተወሽቋል። እዚያ ሲፈላ ሰንብቶ ፈንድቷል። ጭማቂው በገመዶቹ መጋጠሚያ ላይ ወርዶ ደርቋል፣ ፍሬው ተለጥፏል፤ ጉንዳኑ ደግሞ ከነቤተሰቡ ሰፍሮበታል። ሳኦዳት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መሳቅ አማራት፤ ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱንም የሚያደርግ አቅም አልነበራትም።

ሠራተኛው ሁሉ ተጠራ። የማን ነው ሲባል ሁሉም ጣራ ጣራ አየ። በመጨረሻ ሆሲያት ኾላ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«የእኔ ነው። ከእጄ አምልጦኝ ተንከባለለና ጠፋ። ሳኦዳት በልታው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።» ወደ እሷ ዞሩ። «እኔ እኮ ገና ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ።»

ሳኦዳት ጨርቅና አልኮል አንስታ ገመዶቹን መጥረግ ጀመረች።

ለሚኒስቴሩ ሪፖርት ሲጻፍ ኤርጋሽ አጠገቧ ቆሞ አላስጽፍ አላት።

«እርጥበት ነው በይ።»

«ከሚያዝያ ጀምሮ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። እርጥበቱ ከየት መጣ እላለሁ?»

«ሐብሐብ እርጥብ አይደለም?»

«ሐብሐብ ነው ብዬ ነው የምጽፈው፣ አካ።»

«እናቴን ልታሳስሪ ነው?»

ሲጨቃጨቁ ውለው «ከእጽዋት ወገን የሆነ ባዕድ ነገር» በሚል ተስማሙ። ሚኒስቴሩ ነገሩ አሳስቦት አጣሪ ላከ። አጣሪዎቹ ሦስት ወፋፍራም ሰዎች ነበሩ፤ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ፣ ብርዱን ሲያገኙ ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡ፣ ሳምንቱን ሙሉም አልተነሱም። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ድምጹን ዝቅ አድርጎ «እዚህ አካባቢ ጥሩ ሐብሐብ ይገኛል?» ብሎ ጠየቃት።

ማሽኑን ያዳኑት አጣሪዎቹ አልነበሩም፤ ሆሲያት ኾላ ናቸው። ሳይናገሩት ውስጣቸው አፍሮ ኖሯል፤ አንድ ጠዋት ትራሳቸውን ይዘው ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩን ከነሥጋው መለሱት። ሂሳብ ክፍሎችን አሳፍረው አባረሩ። ልጃቸው ኤርጋሽ ከረጢት ይዞ ሲመጣ «ክፈተው» አሉት፣ ሰው ፊት፤ ከፈተው። ሳኦዳት ደስታዋ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ በማግስቱ እሷኑ አቆሟት።

«ይሄ ምንድነው?»

«መለኪያ መሣሪያ ነው፣ ኾላ። ለማሽኑ።»

«ማሽኑ ደህና ነው። ሂጂ መልሺው።»

መሣሪያውን ለማስገባት እስከ ምሳ ሰዓት ለመነች። ማሽኑ ግን ከዚያ ወዲያ በሐብሐብ የተነሳ አልታመመም።

ዓመታት አለፉ፤ ሆሲያት ኾላ አረፉ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒውተር መጣና የድሮው ይነሳ ተባለ። ሠራተኞች በመጋዝ እየቆራረጡ ቁም ሣጥኖቹን በመስኮት አወጡ። ሳኦዳት ቆማ አየች። ያን ቀን እቤት ስትገባ ቦቲር ሻይ ቀድቶ ጠበቃት።

«አለቀስሽ?» አላት።

«መቼ ፋታ ሰጡኝ!» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች። «የአየር ማቀዝቀዣው ለእኔ ክፍል ይሁን ለእኔ ክፍል ይሁን ብለው ሊደባደቡ ሲሉ ስገላግል ነው የዋልኩት።»