የወደዳት ይዝፈናት

እኔ የከፈትኩት ሻይ ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አልነበረም። ይህን ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ግን እሁድ ከሰዓት፣ በኬንያዋ ሞያሌ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ቤቴ ውስጥ ችሎት ይሰየም ነበር። ተከሳሹ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ዘፋኝ። ስሙን አልጠራም። እሱም ሞያሌ ውስጥ በየሳምንቱ ከሻይና ከማንዳዚ ብስኩት ጋር እንደምንበላው ሳያውቅ ነው የኖረው።

ዳኛው ወንድሜ ነበር። ታላቄ ስለሆነ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። የከብት ገበያ ደላላ ነው፤ በቦረና ከብት አርቢና በነጋዴ መሐል ቆሞ፣ አቧራውን እየዋጠ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውል ሰው። ሁለተኛው ሐጂ ነው፤ መካን ያልረገጠ፣ በጢሙ ብቻ ሐጂ ያልነው፣ ከኢትዮጵያ በኩል ጤፍና በርበሬ እያሻገረ የሚነግድ። ሦስተኛው እንደኛው በስደት መጥቶ እዚሁ አስተማሪ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ በስዋሂሊ ምዋሊሙ ስለሚሉት እኛም ምዋሊሙ አልነው።

ክሱ አይለወጥም፤ ይህን የመሰለ ድምፅ ተሰጥቶት አባከነው የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ካሴቶቹ ላይ ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ እኔ ራሴ የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ አስቀምጬ እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ለመጣው ሁሉ የሚዘፍን ሆነ። ሀብታም ቤት ሲያስመርቅ ይዘፍናል፣ ሳሙና ሲሸጥ ይዘፍናል፣ ግጥሙ ግጥም ይሁን አይሁን ሳያይ ይዘፍናል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሾፌሮች አዲስ ሥራውን በፍላሽ ያመጡልናል። አንዴ ዝም ብለን እንሰማውና ችሎቱ የከረመውን ትቶ አዲሱን ይይዛል፤ ከሁሉ የወረደችው የትኛዋ ናት?

ችሎቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ ያወጣው ወንድም ጋሼ ነው። አንዲት ዘፈን ወረደች ከተባለች በኋላ «የለም፣ ጥሩ ናት» የሚል ሰው ካለ፣ ተነስቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ ይዘፍናታል። የወደዳት ይዝፈናት። ምዋሊሙ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ለአንዲቷ ጠበቃ ቆመ።

«ግጥሟ ደካማ ነው፣ አልክድም፤» አለ መነጽሩን እየጠረገ። «ዜማዋ ግን ምን አደረገች?»

«ሀያ፣ በል!» አለው ወንድም ጋሼ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ተነስና ዝፈናት።»

ምዋሊሙ ተነሳ። ምን ልበላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ስም የሚጠራ ነበር የሚመስለው። ውጪ ጎማ የሚጠግነው ቦረና አንገቱን በበሩ አስገብቶ «ኩኒ ማሊ?» አለ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ሐጂ ሻዩ ትን አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ለዘፋኙ የሚቆም ጠበቃ ጠፋ። ማንም እንዳይሳቅበት ስለሚፈራ ሰውየው በሌለበት ሁልጊዜ ይፈረድበት ነበር።

ወንድም ጋሼ ለምን እንዲህ እንደሚመረር ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገረውም። ከዘፋኙ የሚበልጥ ድምፅ ነበረው፤ እህቱ ስለሆንኩ አይደለም። የስደተኞች ካምፕ እያለን አመሻሽ ላይ በሸራ ቤቶቹ መሐል ሲዘፍን ሴቶች የውሃ ወረፋቸውን ጥለው ይመጡ ነበር። ወረፋ ጥሎ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ ካምፕ የኖረ ያውቀዋል። ከናይሮቢ የመጣ አንድ ሙዚቀኛ ሰምቶት፣ በሐበሻ ሆቴል እንዲዘፍን፣ ካሴትም እንዲያወጣለት ለመነው። ወንድም ጋሼ እንቢ አለ። «ለሚያኝክ ሰው አልዘፍንም» አለ። ኋላም ግጥም ሲያመጡለት ግጥሙ ያንሰዋል፣ ዜማ ሲያመጡለት ዜማው ይወርድበታል። እኔ ያኔ ኮራሁበት። ክብሩን የሚያውቅ ወንድም አለኝ አልኩ።

ድምፁን ለማን እንደሚያስቀምጠው የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለልጄ። አባቷ ገና በእግሯ መሄድ ሳትጀምር ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው። ትንሽ ሆና ትከሻው ላይ ተቀምጣ «አጎቴ፣ ዝፈንልኝ» ስትለው፣ «በሰርግሽ ቀን እዘፍንልሻለሁ፤ እስከዚያ ድምፄን አስቀምጬልሻለሁ» ይላት ነበር። ልጅ የተነገራትን አትረሳም። እሷም አድጋ፣ ሶሎሎ ሆስፒታል ነርስ ሆና ስትቀጠር፣ ለጓደኞቿ ሁሉ ይህንኑ አውርታለች።

አስፋልቱ ገብቶ የመኪናው ብዛት ሜዳውን ሲያጣብበው፣ የዘፋኙ የመጨረሻ ሥራ መጣ። ከውስጡ አንዷ እንግዳን ግቡ፣ ቤቱ ክፍት ነው የምትል ነበረች። አራት ስንኝ ብትሆን ነው፤ እሷኑ ይደጋግማታል። ድምፁን ከደረቱ አያወጣውም፣ የሚያወራ ያህል ነው፤ ከፍ የሚለውን ቦታ ሁሉ ተቀባዮቹ ሴቶች ናቸው የሚሉለት።

«ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የሆቴል ማስታወቂያ?» አለ ምዋሊሙ።

«ዋላሂ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አልሰማሁም፤» አለ ሐጂ። «ሲያልቅ አያምር።»

ወንድም ጋሼ ግን አልሳቀም። «ሰነፈ፤» አለ። «መውጣት እየቻለ ታች ተኛ። ሴቶች እያዘፈነ እሱ እንጀራውን ይበላል። ይህን ድምፅ ለእኔ ቢሰጠኝ!» ለእሱማ ተሰጥቶት ነበራ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ ግን ብርጭቆ አነሳሳሁና ወደ ጓዳ ገባሁ። ዘፈኗ ከወረዱት ሁሉ የወረደች ተብላ ተፈረደባት። እውነቱን ለመናገር እኔ ወድጃት ነበር፣ ሻይ ስቀዳ ሳላውቀው አንጎራጉራታለሁ። ግን ተነስቼ ልዘፍናት? ምን በወጣኝ!

የልጄ ሰርግ ሲቃረብ ጥያቄዋን ይዛ ወደ አጎቷ ሄደች። የመረጠችው የዘፋኙን የወጣትነት ዘፈን ነው፤ ችሎቱ አንድም ቀን ነቅፎት የማያውቀውን፣ ጫፉ ላይ ድምፁ ወጥቶ ወጥቶ የሚንጠለጠልበትን። «ስገባ እሱን ትዘፍንልኛለህ» አለችው። «እዘፍንልሻለሁ» አላት። ለሰርጉ ሙዚቀኛ ስንይዝም ኪቦርድ የሚጫወተውን ብቻ ያዝን። ዘፋኝ አያስፈልግም፣ አጎቴ አለ አለች።

ለሰርጉ የሚታረደውን በሬ ልንገዛ እኔና እሱ በፒካፕ ወደ ቦሪ ወረድን። በሬውን ጭነን ስንመለስ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሾፌሩን «አንዴ አቁምልኝ» አለው። ወርዶ ራቅ ብሎ ቆመ። ሽንቱን ሊሸና መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ሲዘፍን ሰማሁት።

ከካምፕ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። መጀመሪያው ያው የጥንቱ ነበር። ወደ ጫፉ ሲወጣ ግን ድምፁ ተሰነጠቀና ሳል ሆነ። ደግሞ ሞከረ። እንደገና ሞከረ። በሬው እንኳ ጆሮውን ወደዚያ አዙሮ ነበር። መጥቶ ገባና በሩን ዘጋው።

«አቧራው ነው» አለኝ።

«አዎ ወንድም ጋሼ፣ አቧራው ነው» አልኩት።

አቧራው አልነበረም። ወይም ነበር፣ ግን የዚያን ቀን አቧራ አልነበረም። ስንት ዓመት በረት ለበረት ሲጮህበት የዋለ ጉሮሮ ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ ዘፍኖ ቢሆን የድምፁን መሄድ ቀስ በቀስ ያውቀው ነበር። አስቀምጬዋለሁ ብሎ ስላላየው ሲሄድም አላወቀውም። ዝንጅብል በማር አፈላሁለት፣ ነጭ ሽንኩርት አኘከ፣ ገበያ መዋሉንም ተወ። ድምፁን ምንም አልመለሰለትም።

«የዘፋኙን ቅጂ እናጫውትላት፣ ምን ይላል ሰው?» ስለው ተቆጣኝ። «ባስ፣ በቃ! ቃል ገብቻለሁ» አለኝ። ለልጄ ልንገራት ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የእሱ ነገር ነው፣ እኔ ላወራው አይገባኝም።

የሰርጉ ዕለት ግቢያችን ድንኳን ተጣለ። ሙሽሮቹ በር ላይ ሲደርሱ ወንድም ጋሼ ሱፉን ለብሶ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። እነ ሐጂ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ልጄ የመረጠችውን ዘፈን መግቢያ ጀመረ። ወንድም ጋሼ በእጁ ተው አለው። ከዚያ ድምፁን ከደረቱ ሳያወጣ፣ የሚያወራ ያህል ዝቅ አድርጎ ጀመረ። ግቡ፣ ቤቱ ክፍት ነው።

ሐጂ ዞሮ ምዋሊሙን አየው። ምዋሊሙ ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተና፣ የወንድም ጋሼን ፊት ሲያይ ከደነው። ልጄ በር ላይ ቆመች። ያልጠየቀችው ዘፈን ነው፣ ያውም አጎቷ ስንት ጊዜ የዘለፈው። ዓይኗ ወደ እኔ መጣ፤ እኔ ራሴን ነቀነቅኩላት፣ ምን እንደነቀነቅኩ አላውቅም። ነርስ አይደለች እንዴ፣ ያን ሰው ጉሮሮ ከእኔ በፊት ሳታውቀው አልቀረችም። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ እሱ ዝም አለ፣ እዚያ ባዶ ሊሆን ነው ብዬ ስፈራ፣ እሷ ቬሏን ይዛ ዜማውን አነሳችው። ሚዜዎቿ ተከተሏት። እየተቀበለችው በራሷ ሰርግ ገባች። እሱም እስከ መጨረሻ ዘፈናት፣ አንዲት ስንኝ አልዘለለም።

ሲጨርስ እልል ተባለ። ስለ ችሎቱ የማያውቅ ሰው ጥሩ ዘፈን መስሎት ሊሆን ይችላል። ወንድም ጋሼ መጥቶ ከእነ ሐጂ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ ለስላሳ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ታዲያ ወደድካት ማለት ነው?» አለው ምዋሊሙ ቀስ ብሎ።

«የወደዳት ይዝፈናት አላልኩም?» አለ። ላቡን በመሐረቡ ጠረገ። «እኔ ዘፋኙ ሰንፎ መስሎኝ ነበር። ሌላ የምትችለው ሲያልቅብህ የምትዘፍናት ናት። ሰውየው ድምፁ ሄዶበት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የሄደበትን ሰው ነው የምሰድበው የነበረው።»

«ያው ሁለታችሁም ሄደባችሁ፣» አለ ሐጂ ሊያጽናናው። «ፖሌ ወንድሜ። የአላህ ነው።»

«የለም፤» አለ ወንድም ጋሼ። «እሱ ሲችል ዘፍኗል።»

ሐጂ የለስላሳውን ጠርሙስ ከፈተለት። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ መምጣታቸው አልቀረም። ችሎቱ ግን ቀረ። ያቺ ዘፈን ስትመጣ ማንም አይዘላትም፤ ወንድም ጋሼም ሻዩን እያማሰለ ይሰማታል። እኔም አሁን ድምፄን አውጥቼ እዘፍናታለሁ፤ የሚስቅ የለም።

ልጄ የሰርጓን ቪዲዮ ስልኳ ላይ ይዛዋለች። ከወንድም ጋሼ ድምፅ ያለን እሱ ብቻ ነው። አንዳንዴ ለእረፍት ስትመጣ «እማ፣ ካምፕ እያላችሁ እንዴት ነበር የሚዘፍነው?» ትለኛለች። ልነግራት እጀምርና ያቅተኛል። ድምፅ ተወርቶ አይሰማም። ተነስቼ የዚያን ዘፋኝ የመጀመሪያ ካሴት አጫውትላታለሁ፤ ጫፉ ላይ ወጥቶ ሲንጠለጠል «ከዚህ ይበልጥ ነበር» እላታለሁ። እሷም እሺ ትለኛለች። ማስረጃ ግን የለኝም።