አሚን ያልኩባቸው ሁለት ዱዓዎች

ትናንት ከሰዓት ምስር ስለቅም ልጄ ረሺዳ ስልኳን አምጥታ ትሪው ጠርዝ ላይ አስደግፋ አቆመችው። አንድ ሰውዬ ይናገራል፤ እጅጌውን ጠቅልሏል፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ነው። «ቀኝም አይደለሁ፣ ግራም አይደለሁ፤ እኔ የሕዝቡ ነኝ» ይላል።

«ዩማ፣ ይሄ ሌላ ነው» አለችኝ። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ እማ ለማለት ዩማ ትለኛለች፤ አማርኛዋን የለቀመችው ከኔ ብቻ ነው። «እንደነዚያ አይደለም ይሄ።»

እኔ ግን የተጠቀለለውን እጅጌ ሳይ ደከመኝ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ፊቱ ተለወጠ እንጂ።

ከወሎ መጥቼ ካርቱም የገባሁ ሰሞን፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ቡሪ በሚባለው ሰፈር ሀጃ ሰልማ የሚባሉ ባልቴት ቤት ተቀጠርኩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ኡስማን ጺሙን ያሳደገ፣ አገር የሚድነው በሸሪዓ ብቻ ነው የሚል። ታናሹ ከማል ደግሞ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ፣ መሬቱም ፋብሪካውም የሠራተኛው ይሁን ባይ። በነሱ ልማድ ምሳ የሚበላው ከአንድ ሲኒያ ነው፤ ትልቅ ክብ ትሪ፣ ኪስራ የሚሉት ስስ እንጀራና የባሚያ ወጥ የሚቀርብበት። ሁለቱ ግን አብረው እጃቸውን አይሰዱም። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል፤ እኔም ወጡን ሁለቴ አሞቃለሁ።

«ያረብ፣ አብረው ሲበሉ ሳላይ አትግደለኝ» እያሉ ሀጃ ዓርብ ዓርብ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔም ከጎናቸው እጄን ዘርግቼ አሚን እላለሁ። ወሎ ላደገ ሰው ዱዓ ሲደረግ ዝም ማለት ነውር ነው፤ አሚኑ ከጆሮ ይቀድማል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ሃቡቡ፣ ያ ቀይ የአቧራ ማዕበል፣ እየደጋገመ እየመጣ ያጠብኩትን ልብስ መልሶ ያቆሽሸዋል። የዳቦው ሰልፍ ከመስጊዱ አጥር አልፎ ዋናው መንገድ ደረሰ። ያን ጊዜ ነው አንድ ተናጋሪ ሰፈራችን ሜዳ ላይ ድንኳን ያስተከለው። ሀጃ ለእንግዶቹ የሚሆን ፉል በድስት አሸከሙኝና አብረን ሄድን።

ሰውዬው መናገር ያውቅበታል። ስለ ዳቦው፣ ስለ ሹማምንቱ መኪና፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ስለምትውል ሴት ሲያወራ፣ ወላሂ የኔን ልብ ነው ያነበበው። አጨበጨብኩ። ኡስማንና ከማልም ትከሻ ለትከሻ ቆመው ያጨበጭባሉ። ሀጃ እነሱን እያዩ እንባ አቀረሩ። መጨረሻ ላይ ሰውዬው እጁን ዘረጋ።

«ያ አላህ፣ ዳቦአችንን ከሚሻሙን ባዕዶች ከተማችንን አጽዳልን።»

«አሚን» አልኩ ከሁሉ ጋር፣ ጮክ ብዬ።

አጠገቤ የቆመች ሴት ዞር ብላ አየችኝና ሳቀች። «አንቺ ሐበሻ አይደለሽም እንዴ?»

ያኔ ነው ያልኩት የገባኝ።

በማግስቱ ወንድማማቾቹ ከአንድ ሲኒያ በሉ። ወጡን አንዴ ብቻ አሞቅኩ። ኪስራ ልጨምርላቸው ጎንበስ ስል ኡስማን «ሰፈሩ ያወራል። ሐበሻ ቤታችን ባትኖር ይሻላል» አለ። ከማልን አየሁት። ስለ ሠራተኛ መብት ሲሟገት ሁልጊዜ የኔን ስም ነበር የሚጠራው።

«ለሷም ይሻላታል» አለ፣ ከሲኒያው ቀና ሳይል።

ሀጃ ተከትለውኝ ማድቤት ገቡ። «አንቺ ሐዋ፣ ምን ላድርግ? አብረው በሉ እኮ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ደስታውም ሐፍረቱም አብሮ ነበር። አልተቀየምኳቸውም። የለመኑት ደረሰላቸው፤ ለሱም አሚን ብያለሁ። ልብሴን በፌስታል ይዤ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር የምትኖር ያገሬ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ ጦርነቱም ስንቱን በተነ። የቀኙንም የግራውንም ክርክር ወጥ እያሞቅኩ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቱም አድካሚ ነበር። «ሕዝብ» ሲባል ግን ሰፊ ቤት ይመስላል፤ በሩ የት ጋ እንደሚዘጋ የሚታወቀው ውጭ ሲቀሩ ነው።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ንግግሩን ጨርሶ እጁን ዘረጋ። ረሺዳም ዘረጋች። እኔም ምስሩን ትቼ ዘረጋሁ፤ ዱዓ ነውና።

«ዩማ፣ አሚን በይ እንጂ።»

«ዱዓውን ይጨርስ፣ ልጄ» አልኳት።